ስለ አንድ ቻርጀር

የማኅበራችን የበጀት ኮሚቴ ለሮቦት ቡድኑ ቻርጀር ይገዛ አይገዛ በሚል ክርክር ሰሞኑን ሁለት ስብሰባ አሳልፏል። «ለአንድ ቻርጀር ይህን ያህል ጭቅጭቅ ምንድን ነው? ከገበያ አንዱን አንሥቶ መምጣት ነው እንጂ!» ያሉ ወንድሞች አሉ። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው ብለን አናምንም።

ባለፈው ዓመት ቡድኑ ያቀረበው የግዢ ጥያቄ ከአንድ መስመር የማይበልጥ ነበር፤ ይኸውም «ቻርጀር፣ ባለ 12 ቮልት፣ ብዛት 1» የሚል ነው። እንደ ተለመደው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ አሸነፈ፤ የመጣውም የመኪና ባትሪ መሙያ ሆነ። ነጋዴውም ገዢውም የተጻፈላቸውን ስላመጡ አላጠፉም፤ ያጠፋነው ጥያቄውን የጻፍነው እኛ ነን። በሦስተኛው ቀን ማታ ከሊቲየም ባትሪዎቻችን አንዱ እንደ ሊጥ ተነፋ። አንዲት እኅታችን ሽታው አጠራጥሯት ሶኬቱን ባትነቅለው ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቻርጀር ሳይሆን ስለ ተቃጠለ ቤተ ሙከራ በሆነ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? «12 ቮልት» ማለት የባትሪውን ዓይነት አይናገርምና ነው። ፈርስት በሚባለው የአሜሪካ የሮቦት ውድድር ትልልቆቹ ሮቦቶች የሚሠሩት በ12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ ታናናሾቹ ደግሞ በ12 ቮልት የኒኬል ባትሪ። የእኛው ሦስት ሴል ያለው ሊቲየም ፖሊመር ነው። በላዩ 11.1 ቮልት ተጽፎበታል፤ ሞልቶ ሲያበቃ ግን 12.6 ይደርሳል፣ ማለት ለእያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት። የመኪናው መሙያ ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ ስለ ሆነ እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ይገፋል። ይህን ለሦስት ብታካፍሉት 4.8 ይሆናል፤ ውጤቱን ከላይ ተናግረናል።

ስለዚህ አሁን የሚገዛው ሦስቱንም የባትሪ ዓይነቶች እያስመረጠ የሚሞላ፣ የእያንዳንዱንም ሴል ቮልት ለየብቻ እየለካ የሚያመጣጥን መሆን አለበት። ባለ 20 አምፔሩን ትልቅ ቻርጀር የተመኙ አሉ። ባትሪያችን 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ በ2.2 አምፔር ቢሞላ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ቢገዛ፣ አንዱ በውድድሩ ቀን ቢበላሽ ሌላው ይቀራል። ዘመዶቻችን ከአሜሪካ ስለሚልኩት ስጦታም አንድ ቃል እንበል፤ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል። (ባትሪ ከአልጋ ሥር ሰክተው የሚተኙትንማ ምን እንበላቸው?)

ከዚህ ሁሉ አብልጠን የምንለምነው ግን ቻርጀሩ ከግድግዳ ሶኬት ብቻ ሳይሆን ከመኪና ባትሪም ኃይል የሚቀበል እንዲሆን ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ መቐለ መብራት የሌለበትን ዘመን አይታለች፤ ከረጅም መቋረጥ በኋላ ከብሔራዊው መስመር ጋር እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያ ጊዜ ከጎረቤት የፀሐይ ሰሌዳ ስልኩን ያልሞላ ማን አለ? ዛሬም መብራት ሲጠፋ ሥራችን እንዳይቆም፣ በፀሐይ ከተሞላ አንድ የመኪና ባትሪ ላይ ቻርጀሩን መሰካት መቻል አለብን።

አንድ መምህራችን ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ አንሥተዋል። ሮቦቱ የታሰበው በስፌት መስመሮች መካከል ጥቅል ጨርቅ እንዲያመላልስ ነው፤ ሐሳቡንም ያገኘነው ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች ልጆች እንጀራ ይሆናል ተብሎ ነበር። ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላኩን አጎዋ የተባለ ዕድል አጣች። «እነዚያ ልጆች ሥራ አጥተው ሳለ እናንተ በእነርሱ ፈንታ የሚሠራ መኪና ትሠራላችሁን?» አሉ መምህሩ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሮቦቱ ይሸከማል እንጂ አይሰፋም ብሎ መመለስም በቂ አይደለም፤ ተሸካሚም ሰው ነውና። ነገር ግን ማሽኑ እኛ ሠራነውም አልሠራነው ከነባትሪው መምጣቱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ባትሪን ማወቅ የሮቦት ቡድን ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ የሚጠግን ሰው ከዚሁ ከተማ፣ ከእነዚያም ልጆች መካከል ቢወጣ እንወዳለን፤ ቤተ ሙከራችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእነርሱ እንክፈት ያለችውን እኅታችንን ሐሳብ ኮሚቴው ከቻርጀሩ ጋር አብሮ ይወስንበት።

ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። አዲሱ የዕቃ መግለጫ አንድ ሙሉ ገጽ ሆኖ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ የኤሌክትሪክ መምህራን ስሕተት ቢያገኙበት እስከ ረቡዕ ማታ በቀይ እንዲያርሙልን እንለምናለን። የተነፋው ባትሪ እስካሁን ከቤተ ሙከራው ጀርባ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይገኛል፤ ማንም እንዳይነካው።