አድማጩን ዝም አታሰኙት

በመሪዎች የታሪክ ትረካ ላይ አድማጭ የሚሰጠው አስተያየት ጫጫታ ነው፣ ሕዝቡ ሰምቶ ዝም ይበል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ፈጽሞ አልቀበለውም።

ጉራጌ ውስጥ ባለችው እምድብር የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የታሪክ ትረካ «መቆያ» ከስልክ ሲከፈት ቡና ቤቱ ጸጥ ይላል። የተራኪው የእሸቴ አሰፋ ድምፅ ሲያበቃ ሙግቱ ይጀመራል። የአፄ ምኒልክ ነገር ከተነሳ «ሀሰን እንጃሞስ?» የሚሉ አባት አይጠፉም። ተገቢ ጥያቄ ነው! የቀቤናው ሀሰን በ1881 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ጎበና ጦር እስኪሸነፍ ድረስ የተዋጋ ሰው ነው። የእሱን ወገን ያልሰማ ሰው የምኒልክን ታሪክ በግማሽ ነው የሰማው። ይህን ጫጫታ ማለት ነውር ነው።

ደግሞስ በብዕር ያልሰፈረ ሁሉ ታሪክ አይደለም ያለው ማነው? የጉራጌዋ የቃቄ ወርድወት የሴቶችን አቤቱታ ይዛ የጆካ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ ፊት መቆሟ ቴያትርና መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት በሰው አፍ ነው የኖረው።

አድማጭ ይሳሳታል፤ ዘመን ያምታታል፣ ወገኑንም ያገንናል። ስህተቱ የሚታረመው ግን ሲናገር ነው። የታሪክ ትረካ አዘጋጆች ከአድማጭ የሚደርሳቸውን እርማት ያጣሩ፤ እውነት ሆኖ ሲገኝ በሚቀጥለው ክፍል ያንብቡት።