የጠፍሩ ጫፍ የት ገባ?

በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሠራናቸው የቆዳ ቦርሳዎችና የደብተር ማኅደሮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ያየ ሁሉ «አቤት ሲያምሩ!» እያለ አልፏል። እውነትም ያምራሉ። ጠርዛቸው ዙሪያውን በቀጭን ጠፍር ስለ ተጠለፈ ከሩቅ ይጣራሉ። እኔ ግን አንዱን አንሥቼ ጠፍሩ የሚያልቅበትን ፈለግሁ። ቋጠሮ! ሁለተኛውም ቋጠሮ። የሦስተኛው ጫፍ ከውጭ በማስቲሽ ተለጥፏል፤ በጥፍር ነካ ሲያደርጉት ይነሣል። ሦስተኛው የራሴ ነው።

እኩል በተበሳ ቀዳዳ ጠፍር ማዞር በሁለት ቀን ይለመዳል። ጭንቁ መጨረሱ ላይ ነው። ሲጀመር የጠፍሩ ጅራት በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ይቀበርና ቀጣዮቹ ዙሮች ይጫኑታል። ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች በወስፌ ላላ ይደረጋሉ። ጠፍሩ በፊተኛው ቆዳ ቀዳዳ ብቻ አልፎ መካከል ይገባል፤ በላሉት ዙሮች ሥር ይሾልካል። ከዚያ ዙሮቹ አንድ ባንድ ይጠብቃሉ፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታል። ከዚህ በኋላ ሠሪው ራሱ መነሻውን በቀላሉ አያገኘውም።

ታዲያ ለምን እንቋጥራለን? አንደኛ ነገር ጠፍር ያልቅብናል። ለተራው ዙር የጠርዙ ርዝመት 3 እጥፍ ተኩል ያህል፣ ለድርቡ ደግሞ 6 ወይም 7 እጥፍ መያዝ አለበት። ቢያንስም ሁለቱን ጫፎች በምላጭ አሳስቶ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አደራርቦ በማስቲሽ መቀጠል ይቻላል። ዋናው ምክንያት ግን ነጥብ የሚሰጠው ፊቱ ታይቶ መሆኑ ነው። መምህሮቻችን ክፍለ ጊዜው አይበቃም ይላሉ፤ አልክድም። ይሁንና ነገ ከነገ ወዲያ ይህንኑ ቋጠሮ ለልጆች የምናስተምረው እኛው ነን። የልጅ ቦርሳ እኮ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ይጎተታል፣ ይወረወራል፣ ዝናብ ይመታዋል። አንድ ጫፍ ከተፈታ ጠርዙ በሙሉ ይከተላል።

ሌላም አለ፣ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ገበያ ውስጥ አገልግል በቆዳ የሚለብጡ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሩታል። ሄደን የጠየቅናቸው ስንቶቻችን ነን? ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ «ፋቂ» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ በአንዳንዶቻችን አፍ አለ። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ለግማሽ ቀን ተጋብዘው፣ የድካማቸው ተከፍሎ፣ «መምህር» ተብለው ቢያስተምሩን ምን ይጎድልብናል?

ለሚቀጥለው ትርዒት ደግሞ ቦርሳዎቹ ተገልብጠው ይደርደሩ፤ ነጥቡም ከዚያ በኋላ ይሰጥ። የራሴን ትናንት ማታ ፈትቼ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ጠፍሩ አንድ ክንድ ያህል ያንሳል፤ ምላጭ ያለው ያውሰኝ።