ወረቀቱ ሳይነበብ ይቅርታውም ፍርዱም አይጻፍ

«ደራሲን በድርሰቱ እንጂ በፋይሉ አትመዝኑት» የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ እንደ ቀኖና ሲጠቀስ እሰማለሁ። እኔ ማታ ማታ ግጥም ብሞክርም፣ ቀኑን ሙሉ ፊርማና ማኅተም ሳመሳክር የምውል የባንክ ጸሐፊ ነኝና ለዚህ ቃል አሜን ለማለት እቸገራለሁ። ማስረጃዬም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊው ወታደር በኪሱ ይዟት ይዞር የነበረችው ትንሽ ደብተር ናት።

ይህች ደብተር በጀርመንኛ ዞልድቡኽ ትባላለች፤ የደመወዝ ደብተር ማለት ነው። ስሟ የደመወዝ ይሁን እንጂ የወታደሩ መታወቂያም ነበረች። ማዕረጉ፣ የተረከበው ልብስና መሣሪያ፣ የተከተበው ክትባት፣ የተኛበት ሆስፒታል፣ ከሁሉም በላይ የተመደበባቸው የጦር ክፍሎች በየገጿ ሰፍረዋል። ሁለተኛው ሰነድ ቬርፓስ ይባላል፤ ወታደሩ አገልግሎት ሲገባ እርሱን አስረክቦ ደብተሯን ይቀበላል፤ ቬርፓሱም በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የተሳተፈባቸው ውጊያዎች ይመዘገቡበታል። ሦስተኛው በአንገት የሚንጠለጠል ሞላላ ሰሌዳ ነው፤ ወታደሩ ሲሞት ከመካከሉ ተሰብሮ ግማሹ ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ለምን ከበዱ? በሚያዝያ 1945 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፖትስዳም በቦምብ ስትደበደብ የምድር ጦሩ ቤተ መዛግብት ነድዶ እጅግ ብዙ ሰነድ ጠፍቷል። ስለዚህ «አባታችን ተራ ወታደር ነበር፤ ምንም አላየም» ለሚል ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የምትቀረው ምስክር ያችው ደብተር ናት። በደብተሯ ግን «ተራ ወታደር» የሚባል ክፍል ተጽፎ አይገኝም። የሚገኘው የሬጅመንት ስምና ቁጥር ነው፤ ሬጅመንቱም የዋለበት ቦታና ቀን አለው፤ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን ምን ተፈጸመ? ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል።

ወደ ደራሲዎቹ ልመለስ። «የቆርቆሮው ከበሮ»ን በ1959 ያሳተመው፣ በ1999 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ጉንተር ግራስ ለአሥርት ዓመታት የጀርመን ሕሊና ተብሎ ኖረ። በ1985 ፕሬዚዳንት ሬጋንና መራሔ መንግሥት ኮል የቫፈን ኤስ ኤስ አባላት የተቀበሩበትን የቢትቡርግ መካነ መቃብር ሲጎበኙ ካወገዙት አንዱ ነበር። በነሐሴ 2006 ግን በ17 ዓመቱ የዚያው የቫፈን ኤስ ኤስ ወታደር እንደነበረ ራሱ ተናገረ። ወዲያውም በአሜሪካኖች እጅ ምርኮኛ ሳለ የተሞላው፣ ይህንኑ የሚመሰክረው ወረቀት ለሕዝብ ወጣ። ወረቀቱ በበርሊን፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ የወታደር ካርዶችን በሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ኖሯል። ይህ መሥሪያ ቤት በ1939 የተቋቋመ ሲሆን ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት አካል ነው። እንግዲህ ስድሳ ዓመት ሙሉ የጎደለው ሰነድ ነበርን? የጎደለው ጠያቂ ነበር። «በፋይሉ አትመዝኑት» የሚለው ቃል ለደራሲው ከለላ፣ ለአንባቢውም የስንፍና ትራስ ሆኖ አገልግሏል።

ከተቃራኒው ወገን ካሉት ፈጣን ፈራጆችም ጋር አልስማማም። አንድ መስመር አንብበው ሰውን የሚሰቅሉ አሉ። የአንገቱ ሰሌዳ የሚናገረው ሰሌዳው የተሰጠበትን ክፍል እንጂ ወታደሩ የወደቀበትን አይደለም፤ ያም ክፍል ብዙ ጊዜ የማሠልጠኛ ነው። በደብዳቤው ላይ ያለው የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥርም የክፍሉን ስም ለመሰወር የተፈጠረ ነው፤ አንዱ ቁጥር በጊዜ ብዛት ለሌላ ክፍል ሊሰጥ ስለሚችል ከቀኑ ጋር ካልተመሳከረ ያሳስታል። የክፍሉ ስም ቢታወቅም እንኳ ሰውየው በእጁ ምን እንደሠራ ገና አልተነገረም። ግራስ አንድም ጥይት አልተኮስኩም ብሏል፤ የክፍሉ ስም ይህን አያጸናም፤ አያፈርስምም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። «የቆርቆሮው ከበሮ» ይቃጠል ያለ የለም፤ እኔም ዛሬ ባነበው እደነቅበታለሁ። የምለው አንድ ነው፤ ስለ ጦርነት ያስተማረንን ሰው ወረቀቱን እንጠይቅ፤ ከጠየቅንም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እናንብብ። ምክንያቱም ሬጅመንቱ ባለፈበት መንደር የነበረ ሌላ ሰው አለ፤ የእርሱ ስም በማንም የደመወዝ ደብተር አልሰፈረም። ፋይሉን ዝጉ የምትሉን ወዳጆቼ ሆይ፣ ያንን ሰው በየትኛው ድርሰት ልታገኙት ነው?