ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት ጉድለቱ ይታወቅ

ሞተሩ እየሠራ፣ ጎማው እየዞረ፣ ማረሻውን ከመሬት ማንሳት ብቻ ስላቃተው ከመጋዘን ጥግ የቆመ አሮጌ ትራክተር ማየት ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ አንድ ዓይነት ነው። «ሃይድሮሊኩ ሞቷል» ይባላል፤ ከአባላት ገንዘብ ይዋጣል፤ አንድ ሰው ወደ መርካቶ ይላካል፤ ፓምፕ ተገዝቶ ይመጣል። ፓምፑ ከተገጠመ በኋላም ማረሻው እንደ ወትሮው ሳይነሳ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የእርሻው ወቅት ያልፋል፤ አባላትም በመሪዎቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ይቀንሳል።

በአገራችን ትራክተር የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል ታሪክ እንደሌለው ሊዘነጋ አይገባም። በአርሲ ጭላሎ ትራክተር በተስፋፋበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑ ባለመሬቱን ሲጠቅም ብዙ ጭሰኛ ከሚያርሰው መሬት ተፈናቅሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው በማኅበር እንዲደራጅ ካደረገ በኋላ ግን ማሽን የብዙዎች የጋራ መሣሪያ ሊሆን የሚችልበት በር ተከፈተ። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ የቤላሩስ ትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ መቋቋሙም ይታወሳል። የጋራ የሆነ መሣሪያ የጋራ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ጥንቃቄውም የሚጀምረው ጉድለቱን ለይቶ ከማወቅ ነው።

በአሮጌዎቹ ትራክተሮች ዘንድ ስሙ የታወቀውን ማሲ ፈርጉሰን 135 እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ፓምፑ የሚገኘው ከኋላው ሳጥን ውስጥ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ገፍቶ ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም የማንሻ ክንዶቹን ያነሳል። ስለዚህ ማረሻው አልነሳም ማለት ፓምፑ ሞቷል ማለት አይደለም። ዘይቱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ ይለካ። በዚህ ትራክተር ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም፣ ሃይድሮሊኩም የሚጠቀሙት በአንድ ዘይት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ መለወጥም አለበት።

ሁለተኛ፣ ፓምፑ የሚዞርበት መንገድ ይታይ። የማሲ ፈርጉሰን 135 ፓምፕ የሚዞረው በፒቲኦው ማስተላለፊያ ዘንግ ስለሆነ፣ ዘንጉ ካልዞረ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ማረሻው አይነሳም። ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ያለው ከሆነም ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ፓምፑ ይቆማል። ከወንበሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ የሃይድሮሊክ እጀታዎችም በትክክለኛው ቦታ መቆማቸው ይረጋገጥ። እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ሞተሩ ይሥራና ክንዶቹ መጀመሪያ ባዶአቸውን፣ ቀጥሎም ማረሻ ተሸክመው ይሞከሩ። ባዶውን አንስቶ ጭነት ሲይዝ የሚደክም ከሆነ ግፊቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ፓምፑ የሚያፏጭ ወይም የሚጮህ ከሆነ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም አየር ይጠርጠር፤ ፊልትሮው ወጥቶ ይታጠብ። ማረሻው ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ከሲሊንደሩ፣ ከማስተላለፊያ ቱቦው ጎሚኒ ወይም ከቫልቩ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ምልክት ብቻውን ፓምፕ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው በመካኒክ እጅ ያለ የግፊት መለኪያ ነው።

የቤላሩስ ትራክተር አሠራሩ ከዚህ ይለያል። የሃይድሮሊክ ዘይቱ በራሱ ታንክ ውስጥ ስለሆነ የካምቢዮውን ዘይት መለካት ስለ ሃይድሮሊኩ ምንም አይናገርም። ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው እጀታ መግባቱ፣ ከውጭ የሚታዩት ጎማ ቱቦዎችና መጋጠሚያዎቻቸውም አለማፍሰሳቸው በቅድሚያ ይታያል።

በምርመራው ጊዜ የሰው ሕይወት ከማሽን ይቀድማል። በሃይድሮሊክ ብቻ ተንጠልጥሎ ከቆመ ማረሻ ሥር ማንም እንዳይገባ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማረሻው መሬት ይውረድ። ግፊት ያለበት ቱቦ የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ መዳሰስ ክልክል ነው። በቀጭኑ የሚረጨው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ፍሳሹ በካርቶን ቁራጭ ይፈለግ። ዘይት ቆዳው ውስጥ የገባበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መለዋወጫ መግዛት ግድ ከሆነ ወደ መርካቶ የሚሄደው ሰው ባዶ እጁን አይሂድ። ሶማሌ ተራ ለተሽከርካሪ መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራም ለአሮጌ ብረታ ብረት የታወቁ ናቸው። በሁለቱም ቦታ ግን ሻጩ የሚሰጠው የተጠየቀውን ነው። «የማሲ ፓምፕ» ብሎ የጠየቀ ሰው ከብዙ ዓይነት ፓምፕ አንዱን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የተፈታው አሮጌ ዕቃ ተጠርጎ ይያዝ፤ በላዩ ያለው ቁጥርና በትራክተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ይገልበጥ፤ የዘንጉ ጥርስና የቡሎኑ ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር ይቆጠር፣ ይለካ። ጎሚኒ ሲገዛ ዘይት የሚችል መሆኑ ይጠየቅ፤ ለውሃ የተሠራ ጎሚኒ በዘይት ውስጥ ያብጣል። ተፈትቶ የወጣ አሮጌ ጎሚኒም ተመልሶ አይገጠም።

የማኅበራት መሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ምን እንደተሞከረና ምን እንደተገኘ በመዝገብ ሳይጻፍ ከማኅበሩ ካዝና ለመለዋወጫ ገንዘብ ባይወጣ መልካም ነው። ወደ ገበያ የሚላከው የኮሚቴ አባል ብቻ ሳይሆን ትራክተሩን የሚያውቀው ሾፌር ጭምር ይሁን፤ ደረሰኝም ይምጣ። ምርመራው በጥርና በየካቲት ቢደረግ በሰኔ የሚደርሰውን ጥድፊያ ያስቀራል።

እርግጥ ነው፣ አሮጌ ትራክተር ሁሉ ይጠገናል ማለት አይደለም። የኋላው ሳጥን የተሰነጠቀ ወይም የጥገናው ወጪ ከጥቅሙ የሚበልጥ ሲሆን፣ ጉዳዩ በግልጽ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ አባላት ይወስኑ። ያንን ውሳኔ ለመስጠትም ቢሆን ጉድለቱ መታወቅ አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ያልተመረመረ ትራክተርም መርካቶ ሙሉ መለዋወጫ ቢገዛለት አያርስም። በመጋዘን ጥግ የቆመውን ትራክተር ከነገ ጀምሮ ዘይቱን መለካት ይቻላል፤ ለዚህ መዋጮ አያስፈልግም።