መርከብ ይከራያል፣ የእናት ልጅ ግን…

ከዚሁ ከቴክሳስ፣ ከቦሞንት ወደብ የአሜሪካ ጦር ታንኩንና መኪናውን ባሕር ማዶ ሲልክ ሁሉንም በራሱ መርከብ አይጭንም፤ የንግድ መርከብም ይከራያል። ኃያል የተባለ መንግሥት እንኳ በኪራይ ይዘምታል።

እኛም በሰው መርከብ ዘምተናል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ሲሄድ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ የተሳፈረው «ጄኔራል ማክሬ» በተባለው የአሜሪካ ወታደር ማመላለሻ መርከብ ነበር። ኤርትራ በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም 1945 ነው። የራሳችን ወደብ ባይኖረንም በስምምነት ሠራዊት አሻግረናል። ዛሬም አብዛኛው የአገራችን ዕቃ የሚገባው በዚያው በጅቡቲ ነው።

አሁን ግን እዚህ ዳላስ፣ ቡና እየጠጣን «አሰብን በጉልበት!» የምንል በዝተናል። የባሕር በር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከሁለቱም ወገን አለቀ። ወደብ ግን አልተገኘም።

ወገኖቼ፣ መርከብ ይከራያል፤ ወደብም ይከራያል። የእናት ልጅ ግን ምትክ የለውም። ጦርነት ቢነሣ የሚዘምተው እዚህ የሚያጨበጭበው ሳይሆን እዚያ ያለው የገበሬ ልጅ ነው። ከጮኽን ለድርድር እንጩኽ።