ጉስባምፕስን አትንኩብን

ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ የልጅነት መጽሐፉን ሊገመግም ከሚነሳ ሰው ይሰውራችሁ። አንዱ ገልጦ ሰይጣን ያገኝበታል። አንዱ ነውር ያገኝበትና ላጽዳው ይላል። የባሰበት ደግሞ ቡናውን ይዞ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ይስቅበታል፤ «ይሄ ነበር እንዴ እንቅልፍ የነሳን?» አዎን ጌታዬ፣ ይሄ ነበር። ያኔ አሥር ዓመትህ ነበር፤ መጽሐፉም የተጻፈው ለአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ዛሬ የቤት ብድር የምትከፍል ጎልማሳ ሆነህ «አልፈራሁም» ብትል ማን እንዲሸልምህ ነው?

የማወራው ጉስባምፕስ ስለሚባሉት የልጆች አስፈሪ ተከታታይ መጻሕፍት ነው። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) ስኮላስቲክ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የመጀመሪያውን አወጣ። በ1997 መጨረሻ ላይ 62ኛው ታተመ። በወር አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ደራሲው አር. ኤል. ስታይን ከዚያ በፊት በ1989 ፊር ስትሪት የተባለውን የታዳጊዎች ተከታታይ ጀምሮ ነበርና ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስኬድ ነበር። ጉስባምፕስ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ወጥቶለታል። ይህን ያህል የተነበበን ነገር «ቆሻሻ» ብሎ ለማለፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱ ግን ሞልቷል።

ስታይን ማስፈራራት ከመጀመሩ በፊት ቀልደኛ ነበር። ባናናስ የሚባል የታዳጊዎች የቀልድ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ የቀልድ መጻሕፍቱንም ጆቪያል ቦብ ስታይን በሚል ስም ያወጣ ነበር። ይህን ያልተረዳ ገምጋሚ የምዕራፎቹን መጨረሻ እያነሳ ያላግጣል፦ ከጨለማው ውስጥ ቀዝቃዛ እጅ ወጥቶ ልጅቷን ትከሻዋን ይይዛታል፤ ገጹን ስትገልጡት እጁ የወንድሟ ነው። «ርካሽ ዘዴ!» ይላሉ። ርካሽ ነው፣ ማን ካደ? ልጁ ሦስት ጊዜ ይታለላል፤ በአራተኛው «አሁንስ አወቅሁበት» ብሎ ዘና ሲል እጁ የወንድሟ አይሆንም። ሰውን በሳቅ የሚጥል ሰው መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል፤ ስታይን ያንኑ ችሎታ ነው ወደ ፍርሃት ያዞረው። ብዙ የተከበሩ ልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን ይህችን ያህል ቢያውቁ ኖሮ መጽሐፋቸውን ሃያኛው ገጽ ላይ አጥፌ አልተውም ነበር።

እኔ አሜሪካ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ቨርጂኒያ። እንግሊዝኛዬ ሰላምታ አያሻግርም ነበር። አስተማሪዎቼ የሚሰጡኝ መጽሐፍ ለአምስት ዓመት ሕፃን የተጻፈ፣ ዳክዬና ጥንቸል የሞላበት ነበር። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ቲም ጃኮበስ በሚያብለጨልጭ ቀለም የሣላቸው ሽፋኖች ተደርድረው ነበር። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ መቶ ሃያ ገጽ ገደማ፣ የእኔው ዕድሜ ያለው ልጅ፣ ወላጆቹ የማያምኑት። ለስደተኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ የቋንቋ አስተማሪ አላየሁም። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሲባል መዝገበ ቃላት ይገለጣል፤ ለዳክዬ ማን ይገልጣል?

እማዬ ሽፋኑን ስታይ አማተበች። «ይሄ የሰይጣን መጽሐፍ ከቤቴ ይውጣ!» የምትለው ይህችው እናቴ ማታ ማታ የጭራቅ ተረት ታወራልን ነበር። በእሷ ተረት ጭራቁ ልጆቹን ይበላል፤ ያውም አጥንታቸው ሲንኮሻኮሽ ድምፁን እያስመሰለች። ስታይን እንዲህ አድርጎ ልጅ ሲበላ አንብቤ አላውቅም። እማዬ ግን እየፈራን እንደምናድግ፣ ፈርተንም ብርድ ልብሱ ውስጥ ተቃቅፈን እንደምንስቅ አሳምራ ታውቅ ነበር። ተረቱ ከራሷ አፍ ሲወጣ ማለቴ ነው።

በዚህ እማዬ ብቻዋን አልነበረችም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1990ዎቹ «ይነሱልን» የሚል አቤቱታ የበዛባቸውን መጻሕፍት ሲዘረዝር አንደኛ የወጣው አልቪን ሽዋርትዝ ከሕዝብ ተረት የሰበሰባቸው አስፈሪ ታሪኮች ነበሩ፤ ጉስባምፕስም ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ ነበር። በ1997 ሚኒሶታ ውስጥ አኖካ ሄነፒን በተባለ የትምህርት ወረዳ ከትምህርት ቤት ይውጣ አይውጣ ተብሎ በስብሰባ ተሟግተውበታል። አልወጣም። እነዚያ ከልካዮች ቢያንስ ፊት ለፊት መጡ፤ ስማቸውን ጽፈው፣ አዳራሽ ገብተው ተከራከሩ፣ ተሸነፉም።

አሁን እስቲ ሥራውን ራሱን እንየው። «ዘ ሆንትድ ማስክ» በ1993 የወጣ ነው። ካርሊ ቤት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ፈሪ ስለሆነች ሁለት ልጆች መጫወቻ አድርገዋታል፣ ትል የገባበት ሳንድዊች እስከማብላት ደርሰዋል። ለሃሎዊን ከአንድ ሱቅ ጓዳ፣ ባለቤቱ አልሸጥም እያለ፣ አስቀያሚ ጭምብል ይዛ ትወጣለች። ማስፈራራት ይጥማታል፤ ንዴቱም ይጥማታል። ማታ ላይ ጭምብሉን ልታወልቅ አንገቷን ስትዳብስ ጠርዙ የለም። የጭምብሉ ቆዳ የሷ ቆዳ ሆኗል። የሚያድናት እናቷ በጀሶ የሠራችው የራሷ ፊት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያፈረችበት። ሲሰደብ ከርሞ አንድ ቀን ተሳዳቢ የሆነ ልጅ ይህን ሲያነብ ማንም ምክር ሳይሰጠው ይገባዋል። ከዚህ የተሻለ ስለ ንዴት የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ካላችሁ አምጡ።

«ዘ ጎስት ኔክስት ዶር» ደግሞ አለ፤ እሱም የ1993 ነው። ሐና ጎረቤቷ የመጣው ልጅ ሙት መንፈስ ነው ብላ በጋውን ሙሉ ስትከታተለው ትከርማለች፤ ለጓደኞቿ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች መልስ አይመጣላቸውም። የሞተችው እሷ ናት። «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» የተባለው ፊልም ይህን የመሰለ መጨረሻ ይዞ በ1999 ሲመጣ ሲኒማ ቤቱ በአድናቆት ተናወጠ፤ እኛ ግን ስድስት ዓመት ቀድመን፣ አንሶላ ውስጥ በባትሪ አንብበነው ነበር። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። «መንስተር ብለድ» አራት ጊዜ ተጎትቷል፤ አንዱ በበቃ ነበር።

ወደ አጽጂዎቹ ልምጣ። ከሁሉም የሚያንገበግቡኝ እነሱ ናቸው። ከ2018 ጀምሮ አሳታሚው በዲጂታል የሚሸጣቸውን የቆዩ የጉስባምፕስ ቅጂዎች ሲያስተካክል ቆይቶ፣ ነገሩ በ2023 የለንደኑ ዘ ታይምስ ሲጽፈው ወጣ። «እብድ» የተባለው «ቂላቂል» ሆነ። ድንቡሼ የተባለው ሰው ደስተኛ ሆነ። ቢያንስ ስድስት አገጭ ያለው ሰውዬ ቢያንስ ስድስት ጫማ ከስድስት ኢንች የሚረዝም ሰውዬ ሆኖ ተገኘ! ስታይን ራሱ አንዲት ቃል እንዳልለወጠ፣ ለውጦቹንም ማንም እንዳላሳየው በአደባባይ ተናገረ። ደራሲው በሕይወት አለ፣ ስልኩ ይሠራል፣ እሱን ሳያማክሩ መጽሐፉን ያርማሉ! ይህን ከስርቆት የሚለየው ምንድን ነው?

ልጆች ስለ ራሳቸው የሚያስቡትን እንዳይጎዳ ነው ይሉናል። የእንጨት አሻንጉሊት ነፍስ ዘርቶ ልጆችን «ባሪያዎቼ ናችሁ» በሚልበት ዓለም ውስጥ ልጁን የሚጎዳው የአንድ ሰውዬ አገጭ ሆነ። የጊዜው ነውር ካለበት መቅድም ጻፉለት፤ ወላጅም አጠገቡ ተቀምጦ ያስረዳ። የሽዋርትዝንም መጻሕፍት አሳታሚዎቻቸው ለ30ኛ ዓመታቸው ሲያትሙ የስቲቨን ጋሜልን ሥዕሎች፣ ያን የሚንጠባጠብ ጥቁር ቀለም፣ አንስተው በለዘበ ሥዕል ተኩባቸው። አንባቢ ጮኸ፣ ከዓመታት በኋላ መለሷቸው። ስለዚህ መጮህ ይሠራል።

ልጅ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የድሮውን የወረቀት ቅጂ ፈልጉ፤ የቤተ መጻሕፍት የአሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ ላይ በሳንቲም ይገኛል። ለአገር ቤት ዘመድ መጽሐፍ የምትልኩም ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሦስት ጨምሩ። በ«ዘ ሆንትድ ማስክ» ጀምሩለት። ሲያነብ አትሳቁበት፣ «ይሄ ምን ያስፈራል?» አትበሉት፣ መብራቱን አብሩልኝ ካለም አብሩለት። «ቺክን ቺክን» የሚባለውን ግን እዚያው ተዉት፤ እሱስ እውነትም የማይረባ ነው።