የጉባኤ ቤቱ ማገዶና የደብሩ ደን

የአብነት ትምህርት ቤት ያለው ደብር ሁሉ፣ ተማሪዎቹን የሚያሳድርበትን ደን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በብዛት የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ እነዚህ ካለቁ የአገር በቀል ዛፍ ዘር ከየት ይገኛል? እንደ ድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቷ ዙር አምባ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ደቀ መዝሙሩ ከሩቅ አገር መጥቶ ጎጆ ይቀልሳል፤ ማገሩም ሆነ ንፍሮ መቀቀያው እንጨት ይፈልጋል። ጥበቃው ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም፤ በዞኑ አንዳንድ ደብሮች ምእመናን ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ደኑን ከከብት ታድገዋል።

ስለዚህ ደብሮች ደናቸውን በካብ ይከልሉ፤ ለተማሪው ማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ከደኑ ውጭ ያልሙ፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ያዘጋጁ። ሀገረ ስብከቱና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ሥራ በዕቅዳቸው ሊይዙት ይገባል።